አርዌን ማንቀሳቀስ፦ ለአጭር አኒሜሽን ፊልም የዘንዶ ሪግ አሠራር በብሌንደር

አርዌ በግዕዝ አውሬ ማለት ነው፤ እባብ ደግሞ አርዌ ምድር ይባላል። በትውፊታችን ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት 400 ዓመት ነገሠ የሚባለው ዘንዶ ስሙም ይኸው ነው። ሕዝቡ ከብቱንና ፍየሉን፣ ልጃገረዶቹን ሳይቀር ይገብርለት ነበር ይባላል። በመጨረሻ አንጋቦ የተባለ ሰው ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን ለዘንዶው አቀረበለት። አርዌ ዋጣት፣ ሞተም፤ ዙፋኑ ለአንጋቦ ሆነ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ በሣጥን በሣጥን ከፋፍለው የሚሥሉ ሠዓሊዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዚሁ ዘንዶ ነው።

እኔም አጭር ፊልም ልሠራ ስነሣ አርዌን የመረጥኩት በስንፍና ነው። እግር የለው፣ እጅ የለው፣ ልብስ የለው፤ ሪጉ፣ ማለትም ቅርጹን የሚያንቀሳቅሰው የአጥንትና የመቆጣጠሪያ ስብስብ፣ በሁለት ቀን ያልቃል አልኩ። መጀመሪያ የሠራሁት ሪግ 120 አጥንት ነበረው፤ ሁሉም አንድ በአንድ በእጅ የሚዞር። አንድ ጊዜ ለማጠምዘዝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ፋይሉን ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው የሁለተኛው ሪግ አሠራር ነው። ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራም ከፍታችሁ ቅርጽ መሥራት እንደምታውቁ፣ አርማቸር የሚባለውንም የአጥንት ስብስብ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደነካችሁ አድርጌ እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ትእዛዞች በብሌንደር 4 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ይገኛሉ። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ

ብሌንደርን ከመክፈታችሁ በፊት ዘንዶው በፊልሙ ውስጥ የሚያደርገውን ሁሉ በግስ ጻፉ። የእኔ ዝርዝር ይኼ ነበር፦ ተጠምጥሞ ይተኛል፤ አንገቱን ያነሣል፤ ወደ ሕዝቡ ይሳባል፤ ፍየሏን ይውጣል፤ የዋጣት ፍየል በሰውነቱ ውስጥ ጉብታ ሆና ስታልፍ ትታያለች፤ ይንፈራገጣል፤ በጀርባው ወድቆ ይሞታል። ሰባት ግስ። ሪጉ እነዚህን ሰባቱን በደንብ ይሥራ፤ ስምንተኛውን መሥራት አይጠበቅበትም። አርዌ አይበርም፣ ስለዚህ ክንፍ የለውም። አይናገርም፣ ስለዚህ ከንፈሩ ፊደል መቅረጽ አያስፈልገውም። የእናንተ ዘንዶ አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣው ከሆነ ዝርዝሩ ሌላ ነው፤ መዋጥ የለም፣ ከገደል ወደ ታች መንጠልጠልና ሸክም መሳብ ግን አለ። ሁለቱም ዘንዶ ናቸው፤ ሪጋቸው ግን አንድ አይሆንም።

ከግሶቹ ውስጥ በቁጥር የሚያስቸግረው "ይጠመጠማል" የሚለው ነው። ሰውነቱ 20 ሜትር ይሁን። አንገቱን ሲያነሣ 5 ሜትር ያህል ከመሬት ይለቃል፤ ለጥምጥሙ 15 ሜትር ይቀራል። አንድ ሙሉ ዙር በትንሹ አራት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም አኒሜተሩ ይዞ የሚያንቀሳቅሰው አጥንት፣ ይፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ክቡ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ዘጠኝ መቆጣጠሪያ በየ2.5 ሜትሩ ብታስቀምጡ፣ 15ቱ ሜትር ስድስት ክፍተት ይሆናል፤ ያ አንድ ተኩል ዙር ነው። ሦስት ዙር ከፈለጋችሁ 17 መቆጣጠሪያ በየ1.25 ሜትሩ ያስፈልጋችኋል። እኔ አንድ ተኩል ይበቃኛል ብዬ በዘጠኝ ሠራሁ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለሚያይ ከፊት ያለው ጥምጥም ከኋላ ያለውን ይጋርደዋል፤ ሁለት ይሁን ሦስት ማንም አይቆጥርም።

ቅርጹን ማሰናዳት

ዘንዶው ቀጥ ብሎ እንደ ዱላ ተዘርግቶ መሠራት አለበት። ተጠምጥሞ የተሠራ ቅርጽ ቢያምርም ሪግ ለማድረግ መከራ ነው። አንገቱ የሚጀምርበት በመሃል በዜሮው ላይ፣ ራሱ ወደ ዋይ ዘንግ መቀነስ አቅጣጫ፣ ጭራው ወደ መደመር አቅጣጫ ይሁን። በብሌንደር "ፊት" የሚባለው የመቀነሱ አቅጣጫ ስለሆነ ከፊት ስታዩት ፊቱን ታያላችሁ።

አፉ ትንሽ ከፈት ብሎ ይሠራ። ከንፈሩ ተገጣጥሞ ከተሠራ፣ በኋላ ኮምፒውተሩ የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር ቆዳ መለየት ያቅተዋል፤ መንጋጋው ሲከፈት ሁለቱ እንደ ማስቲካ ይሳባሉ።

የሰውነቱ ቀለበቶች፣ ማለትም ዙሪያውን የሚዞሩት የነጥብ መስመሮች፣ እኩል በእኩል ይራራቁ። እኔ በየ12.5 ሳንቲሜትሩ አንድ ቀለበት አደረግሁ፤ 20 ሜትሩ ላይ 160 ክፍል ይሆናል። አጥንቶቹ ግማሽ ግማሽ ሜትር ስለሚሆኑ ለእያንዳንዱ አጥንት አራት ክፍል ይደርሰዋል። ከሦስት ካነሰ ሲታጠፍ እንደ ካርቶን ይሰበራል። ቅርፊቱን አንድ በአንድ በሜሽ መቅረጽ ውስጥ አትግቡ፤ በቀለምና በኖርማል ማፕ (ለስላሳውን ገጽ ወጣ ገባ በሚያስመስለው ሥዕል) አሳዩት። እያንዳንዱ ቅርፊት ለብቻው የቆመ ቁራጭ ከሆነ፣ ዘንዶው ሲታጠፍ ሁሉም በየራሱ ይጠማዘዛል፤ አርዌ ሳይሆን የተቆጣ አናናስ ይሆናል።

ሲያልቅ ቅርጹን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ስኬሉን አጽኑት። ይህችን እርምጃ የዘለለ ሰው በኋላ ጉብታው ላይ ሲደርስ ያስታውሰኛል።

አከርካሪው

እውነተኛ እባብ ከ200 እስከ 400 የሚደርስ የአከርካሪ አጥንት አለው። እኛ 40 ይበቃናል። እነዚህን 40 አጥንቶች ደግሞ፣ በኋላ ከምናያቸው አራቱ በስተቀር፣ አኒሜተሩ በእጁ አይነካቸውም። ስፕላይን አይኬ የሚባለው ኮንስትሬይንት (የአጥንትን እንቅስቃሴ ከሌላ ነገር ጋር የሚያስር ደንብ) አጥንቶቹን በአንድ ከርቭ ላይ ያስተኛቸዋል፤ እኛ የምናንቀሳቅሰው ከርቩን ብቻ ነው። አጥንቶቹን የመቁጠሪያ ዶቃ፣ ከርቩን ክሩ አድርጋችሁ አስቡት።

1. ሺፍትና ኤ ተጭናችሁ አርማቸር ጨምሩ። በኤዲት ሞድ አንዷን አጥንት ከአንገቱ ጀምራ እስከ ጭራው ጫፍ 20 ሜትር ዘርጓት። ከዚያ በሰብዲቫይድ 39 ቦታ ቁረጧት፤ 40 እኩል አጥንት ይወጣል። "ኢን ፍሮንት" የሚለውን አብሩ፣ አለዚያ አጥንቶቹ በቆዳው ውስጥ ተደብቀው አይታዩም።

2. ሁሉንም መርጣችሁ ሺፍትና ኤን ተጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር "ግሎባል መደመር ዜድ" የሚለውን ምረጡ። የሁሉም አጥንት ጀርባ ወደ ሰማይ ያያል። ይህ ካልተስተካከለ ዘንዶው መካከሉ ላይ ሆዱን ገልብጦ ታገኙታላችሁ።

3. ስም አውጡላቸው፤ ቁጥራቸው ከአንገት ወደ ጭራ ከ1 እስከ 40 በተራ ይሂድ። ብሌንደር ሲቆርጥ የሚሰጠው ቁጥር እናንተ የምትጠብቁትን ቅደም ተከተል ላይከተል ይችላልና አንድ በአንድ አረጋግጡ። ጉብታውን የምንሠራው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

4. አሁን ከርቩ። ሺፍትና ኤ፣ ከርቭ፣ ፓዝ። የሚመጣው መስመር አምስት ነጥብና 4 ሜትር ርዝመት አለው። በኤዲት ሞድ አንድ ጊዜ ሰብዲቫይድ ብታደርጉት ዘጠኝ ነጥብ ይሆናል፤ በአምስት ብታባዙት 20 ሜትር። ዘጠኝ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ምቾቱ ነው፣ አልደብቅም። ወደ ዋይ ዘንግ አቅጣጫ አዙራችሁ ከአጥንቶቹ ጋር አስተኙት፤ መነሻው አንገቱ ላይ ይሁን።

5. በአርማቸሩ ውስጥ ዘጠኝ አዲስ አጥንቶች ጨምሩ፣ በዘጠኙ ነጥቦች ላይ አንዳንድ። እነዚህ መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ከአከርካሪው ጋር የልጅና የወላጅ ግንኙነት አይኑራቸው፤ ወላጃቸው ሩት የምንላት አንዲት ዋና አጥንት ትሁን። "ዲፎርም" የሚለውን አጥፉባቸው፤ ቆዳ የመሳብ ሥራ የላቸውም።

6. እያንዳንዱን የከርቭ ነጥብ ከራሱ መቆጣጠሪያ ጋር በሁክ እሰሩት። ቅደም ተከተሉ ሰውን ያደናግራልና ቀስ በሉ፦ በፖዝ ሞድ መቆጣጠሪያዋን ምረጡ፣ ወደ ኦብጀክት ሞድ ውጡ፣ አርማቸሩን ከዚያም ሺፍት ይዛችሁ ከርቩን ምረጡ፣ ኤዲት ሞድ ግቡ፣ ነጥቡን ምረጡ፣ ኮንትሮልና ኤች ተጭናችሁ "ሁክ ቱ ሴሌክትድ ኦብጀክት ቦን" በሉ። ዘጠኝ ጊዜ። ቡና አፍሉ።

7. ወደ ፖዝ ሞድ ተመለሱና የመጨረሻዋ፣ የጭራዋ አጥንት ላይ ስፕላይን አይኬ ጨምሩ። ኢላማው ከርቩ፣ የሰንሰለቱ ርዝመት 40። ቁጥሩ እስከ 255 ይሄዳል፤ ይሄዳል ተብሎ ግን አይኬድም። ዘንዶው ድንገት ዞሮ ጭራው በአንገቱ ቦታ ከመጣ የከርቩ አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ነው፤ በኤዲት ሞድ "ስዊች ዳይሬክሽን" ይፈታዋል።

8. በዚሁ ኮንስትሬይንት ውስጥ የዋይ ስኬሉን "ፊት ከርቭ"፣ የኤክስና ዜዱን "ቦን ኦሪጂናል" አድርጉ። የመጀመሪያው ሰውነቱ መቆጣጠሪያዎቹ በተዘረጉበት ልክ እንዲሳብ ይፈቅድለታል፤ ሲንፈራገጥ ይጠቅማል። ሁለተኛውን "ነን" ላይ ከተዋችሁት ግን የምንሠራው ጉብታ ጨርሶ አይታይም፣ ምክንያቱንም ግማሽ ሌሊት ትፈልጋላችሁ። እኔ ፈልጌያለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከርቩን የማንም ልጅ አታድርጉት። ለሩት አጥንት ካሰራችሁት፣ ሩቷ ስትንቀሳቀስ ሁኩም ይወስደዋል፣ ወላጁም ይወስደዋል፤ ሁለት እጥፍ ይሄዳል። ዘንዶውን ከቦታ ቦታ ስትወስዱ ደግሞ አርማቸሩን እንደ ዕቃ አትጎትቱት፤ በፖዝ ሞድ ሩቷን ይዛችሁ ውሰዱት።

ሆድና ጀርባ

ከርቭ አቅጣጫ እንጂ ሆድና ጀርባ አያውቅም። ዘንዶው ሲጠመጠም አንዳንድ ቦታ ሆዱ ወደ ጎን ይዞራል። የሚስተካከለው አጥንቶቹን በራሳቸው ዋይ ዘንግ በማዞር ነው፤ አንዱን ስታዞሩ ከእሱ በኋላ እስከ ጭራ ያሉት ሁሉ አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ አርባውን መንካት አያስፈልግም። በ1ኛው፣ በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ30ኛው ላይ ብቻ ለዓይን የሚታይ ቀለበት ቅርጽ ስጧቸው፤ ከዋይ ዙሪት በስተቀር ሌላውን ሁሉ ቆልፉባቸው። የሞቱ ትዕይንት ላይ የምትይዟቸው እነዚህን አራቱን ነው።

ቆዳውን ማሰር

ሜሽ፣ ከዚያ አርማቸር፣ ኮንትሮልና ፒ፣ "ዊዝ አውቶማቲክ ዌይትስ"። ዌይት ማለት እያንዳንዱ አጥንት ቆዳውን የሚስብበት መጠን ነው። ለእባብ ይህ ከሰው ይልቅ በደንብ ይሠራል፤ ቧንቧ ነውና። "ቦን ሂት ዌይቲንግ" የሚል የስህተት መልእክት ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ተደራርበው የተቀመጡ ነጥቦች አሉ፤ ኤዲት ሞድ ገብታችሁ ሁሉን መርጣችሁ ኤም ተጫኑና "ባይ ዲስታንስ" በሉ። በአርማቸር ሞዲፋየሩ ውስጥ "ፕሪዘርቭ ቮልዩም" የሚለውን አብሩ፤ ሰውነቱ ሲዞር እንደተጨመቀ ልብስ እንዳይሰልል ያደርጋል። ጥርስና ዓይን በአውቶማቲክ አይታሰሩም፤ የላይኛው ጥርስ መቶ በመቶ ለራስ ቅል አጥንት፣ የታችኛው ለመንጋጋ፤ ሁለቱንም በሚቀጥለው ክፍል እናገኛቸዋለን።

ራሱና አፉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ተመልካቹ ዘንዶውን የሚያየው በሰውነቱ ነው፤ የሚፈራው በራሱ ነው።

የራስ ቅሉ አጥንት የአከርካሪው ሰንሰለት አካል አይሁን፤ የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ልጅ ይሁን። ያኔ አንገቱ የትም ቢጠማዘዝ ራሱ ለብቻው ትኩር ብሎ ሊቆይ ይችላል። እባብን አስፈሪ የሚያደርገው ይህ ነው፦ ሰውነቱ ይፈሳል፣ ራሱ ግን ይቆማል።

ስለ መንጋጋው ብዙ ሰው የሚያውቀው ተረት ነው፤ እባብ ሲውጥ መንጋጋው አይወልቅም። የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ አገጩ ላይ በአጥንት አልተገጠሙም፤ በሚለጠጥ ጅማት ነው የተያያዙት። ከኋላም የሚያያይዛቸው አጥንት ተንቀሳቃሽ ነው። ስለዚህ እባብ አፉን በቁመት ብቻ ሳይሆን በስፋትም ይከፍታል፤ ሲውጥም አንዱን ጎን ወደፊት አስኪዶ ይነክሳል፣ ከዚያ ሌላኛውን፤ በአፉ የሚራመድ ይመስላል። ለሪጉ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ አንድ የመንጋጋ አጥንት አይበቃም። አንድ ዋና መንጋጋ ሥሩ፤ ከሥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ልጆች ይኑሩት፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ ነጥብና "ኤል"፣ ነጥብና "አር" ጨምሩ፣ ብሌንደር ጥንድ መሆናቸውን የሚያውቀው በዚያ ነው። ዋናው አፉን ይከፍታል፤ ልጆቹ ወደ ጎን ይሰፋሉ፣ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታሉ።

አፉ በሰፊው ሲከፈት የጉንጩ ቆዳ ቀጥኖ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን በዌይት ቀለም ለማስተካከል አትታገሉ። አፉን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ሼፕ ኪ (የቅርጹን ሌላ መልክ የሚያስቀምጥ) ጨምራችሁ ጉንጩን በስከልፕት አቃኑት፤ ከዚያ የሼፕ ኪውን ዋጋ በድራይቨር (አንዱን ቁጥር በሌላው በሚነዳው) ከመንጋጋው ዙሪት ጋር እሰሩት። መንጋጋው ሲከፈት ጉንጩ ራሱን ያስተካክላል።

ምላሱ አምስት አጥንት ይበቃዋል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ። ዓይኖቹ "ዳምፕድ ትራክ" በሚለው ኮንስትሬይንት ከፊት ለፊቱ ወደተቀመጠች አንዲት የዒላማ አጥንት ይመልከቱ። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም፤ አይጨፍንም። እኔ ይህን ጠብቄ ስሜቱን ለቅንድቡ ጉብታ ሰጠሁት፦ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ከዓይኑ በላይ። ወደ ታች ሲወርዱ ይቆጣል፤ ወደ ላይ ሲወጡ፣ መርዙ ሲገባው፣ ይደነግጣል።

በነገራችን ላይ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ወደ ፊልም ብታመጡት ዘንዶው ብዙ ጊዜ የሚታየው በጎን ነው። እኔ ስለዚህ የራሱን ሥራ ሁሉ በጎን በኩል እያየሁ ነው የፈተሽኩት፤ ከፊት ለፊት የሚታየው ጉድለት በፊልሙ ውስጥ አልገባም።

ፍየሏ ስታልፍ

የሪጉ ልብ ይህ ነው። የዋጣት ፍየል ከጉሮሮው ጀምራ በሰውነቱ ውስጥ ስትሄድ ካልታየች ታሪኩ የለም።

ሩት አጥንቷ ላይ ሁለት ከስተም ፕሮፐርቲ፣ ማለትም እናንተ ስም የምታወጡላቸው የቁጥር ማስተካከያዎች፣ ጨምሩ። አንዱ "ጉብታ" ይባል፤ ከ0 እስከ 45 ይሂድ፣ ጉብታው የትኛው አጥንት ላይ እንደደረሰ ይናገራል። ሌላው "ውፍረት"፤ ከ0 እስከ 1። ከዚያ የእያንዳንዱን የአከርካሪ አጥንት የኤክስና የዜድ ስኬል በድራይቨር እንቆጣጠራለን። ስሌቱ በቃል ይኼ ነው፦ የአጥንቱን ቁጥር ከጉብታው ቦታ ቀንሱ፣ የመቀነስ ምልክት ከወጣ ጣሉት፤ በ4 አካፍሉ፤ ውጤቱን ከ1 ቀንሱ፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ዜሮ በሉት፤ በውፍረቱ አባዙት፤ 1 ጨምሩበት። ለምሳሌ ውፍረቱ 0.6፣ ጉብታው 10ኛው ላይ ቢሆን፣ 10ኛው አጥንት 1.6 እጥፍ ይወፍራል። 12ኛው በሁለት ይርቃል፤ ሁለት ለአራት ግማሽ ነው፤ 1.3 ይሆናል። 14ኛው እንደነበረ ይቆያል።

ይህ ስሌት ጉብታውን የድንኳን ጣሪያ ያስመስለዋል፤ ሾጣጣ ይሆናል። ከመባዛቱ በፊት ያለውን ቁጥር ድራይቨር በሚያውቀው "ስሙዝስቴፕ" በተባለው ፈንክሽን አሳልፉት፤ ይለሰልሳል። ለ40 አጥንት በሁለት ዘንግ 80 ድራይቨር ነው። በእጅም ይቻላል፤ ግን ጥቂት መስመር ፓይተን የሚጽፍላችሁ ጓደኛ ካላችሁ የምሳ ግብዣ የሚያንስበት ሥራ አይደለም።

ሁለት ነገር ይህን ያበላሻል። አንደኛ፣ አጥንቶቹ ከወላጆቻቸው ስኬል ይወርሳሉ፤ 10ኛው ሲወፍር 11ኛው በዚያ ላይ ይጨምራል፣ 12ኛው በሁለቱ ላይ፤ ጭራው ላይ ሲደርስ ዝሆን ይሆናል። የ40ዎቹን "ኢንሄሪት ስኬል" ወደ "ነን" ቀይሩት። ሁለተኛ፣ ጭራው ቀጭን ስለሆነ ያው 1.6 እዚያ ላይ ደካማ ጉብታ ነው። ችግር የለውም፤ ፍየሏ እስከ ጭራ መድረስ የለባትም። እኔ 22ኛው አጥንት ላይ አቆምኳት፤ መርዙ የሠራው እዚያ ነው።

ስታኒሜት ጉብታውን በእኩል ፍጥነት አታስኪዱት። ሁለት አጥንት ትሂድ፣ ትቁም፣ ሦስት ትሂድ፣ ትቁም። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፊልም እኔ ከአንገት እስከ ማረፊያዋ 96 ፍሬም ሰጠኋት፤ አራት ሰከንድ። በእውነት ዘንዶ ሲውጥ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ተመልካች ግን ያን ያህል አይቀመጥም።

መሳብ

እባብ እየተወዛወዘ ሲሄድ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ራሱ ያለፈበትን መንገድ መላ ሰውነቱ ይከተለዋል። ጭራው ኩርባ አያቋርጥም። ዘጠኙን መቆጣጠሪያ በእጅ ብታኒሜቱ ይህን መጠበቅ ከባድ ነው፤ ወዲያው በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል።

መፍትሔው መንገዱን ራሱን መሣል ነው። መሬቱ ላይ 100 ሜትር የሚሆን ሌላ ከርቭ ሥሩ፣ እንደ ወንዝ የተጠማዘዘ። ዘጠኝ ኤምፕቲ (ቅርጽ የሌለው ባዶ ምልክት) ጨምሩ፤ ቦታቸው ሁሉ ዜሮ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ከመንገዱ በዚያው ልክ ይርቃሉ። ለእያንዳንዱ "ፎሎው ፓዝ" ስጡት፣ "ፊክስድ ፖዚሽን" የሚለውን አብሩ። ሩት ላይ "ጉዞ" የሚል ፕሮፐርቲ ጨምሩ። የመጀመሪያው ኤምፕቲ ቦታ ራሱ ጉዞው ነው፤ የሁለተኛው ጉዞው ሲቀነስ 0.025፤ የሦስተኛው ሲቀነስ 0.05፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። 0.025 የመጣው 2.5 ሜትርን ለ100 ሜትር በማካፈል ነው፤ መንገዳችሁ 60 ሜትር ከሆነ ለ60 አካፍሉ። በ100 ሜትሩ መንገድ ጉዞውን ከ0.2 ጀምሩ፤ ከዚያ በታች ጭራው መንገዱ ላይ ገና አልገባም።

ከዚያ እያንዳንዱን መቆጣጠሪያ እናት አጥንት ስጡት። ኢላማው ኤምፕቲው የሆነ "ኮፒ ሎኬሽን" የሚያርፈው በእናቲቱ ላይ ነው፤ ልጅየው ነፃ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ዘንዶው በመንገዱ እየሄደ እናንተ አንገቱን ከፍ፣ ወገቡን ጎበጥ ልታደርጉ ትችላላችሁ። የዘጠኙን "ኢንፍሉዌንስ" በአንድ ማብሪያ ፕሮፐርቲ እሰሩት፦ 1 ሲሆን ይሳባል፣ 0 ሲሆን ተጠምጥሞ ይተኛል። ራሱ በመንገዱ አቅጣጫ እንዲዞር ለመጀመሪያው ኤምፕቲ "ፎሎው ከርቭ" አብሩለትና የመጀመሪያዋን እናት አጥንት "ኮፒ ሮቴሽን" ስጧት፤ ወደ ጎን ካየ የፊት ዘንጉን ቀይሩ።

ትልልቅ እባቦች መወዛወዝ ሳያስፈልጋቸው በሆዳቸው ቅርፊት እየገፉ ቀጥ ብለው መሄድም ይችላሉ። ለአርዌ መጀመሪያ አመጣጥ ይህን ነው የመረጥኩት፤ መንገዱን ቀጥ አድርጌ። ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ያለ ምንም ጥድፊያ የሚመጣ ነገር ከሚወዛወዘው ይልቅ ያስፈራል።

ለአኒሜተሩ ከማስረከብ በፊት

የማይነኩትን ደብቁ። በብሌንደር 4 ከድሮው የአጥንት ሌየር ይልቅ "ቦን ኮሌክሽን" አለ፤ መቆጣጠሪያዎቹንና አራቱን ባለ ቀለበት አጥንቶች በአንድ፣ የቀረውን አከርካሪ በሌላ፣ እናቶቹን በሦስተኛ አስቀምጡና የኋለኞቹን ሁለቱን ደብቁ። ለመቆጣጠሪያዎቹ ክብ ቅርጽና ቀለም ስጡ። አኒሜተሩ እናንተው ብትሆኑም ይህን አትዝለሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ የምትከፍቱት ሰው ሌላ ነው።

ከዚያ ሰባቱን ግሶች ሞክሩ። ለእያንዳንዱ አንድ ፖዝ፣ በየ20 ፍሬሙ፣ ከመነሻው ቀጥታ ፖዝ ተነሥቶ የሚደርስ። መካከሉን እያያችሁ ዌይቱ የሚሰበርበትን ፈልጉ። የእኔ አንገት ሲነሣ ከመሬት በሚለቅበት ቦታ ላይ ይቀጥን ነበር፤ ሁለት ቀለበት ላይ ዌይቱን ማለስለስ በቃው። የሞቱን ፖዝ በመጨረሻ ሞክሩት፦ 1ኛውን አጥንት 60 ዲግሪ፣ 10ኛውን ሌላ 60፣ 20ኛውን ሌላ 60፤ ከወገቡ ወዲያ ሆዱ ወደ ሰማይ ይሆናል፣ አንገቱ ግን ገና ከሞት ጋር ይታገላል። በአንድ አጥንት 180 ዲግሪ ካዞራችሁት እንደተጠመዘዘ ፎጣ ይሆናል።

እየሠራችሁ ፋይሉን በየጊዜው በአዲስ ቁጥር አስቀምጡ፤ በማስቀመጫው መስኮት የመደመር ምልክቱን ስትነኩ ቁጥሩ ራሱ ይጨምራል። ብሌንደር በየሁለት ደቂቃው በራሱ ቢያስቀምጥም መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ በሁለተኛው ደቂቃ ዋዜማ ነው። በትዕይንት ፋይሎቹ ውስጥ ሪጉን አትቅዱት፤ ሊንክ አድርጋችሁ በ"ላይብረሪ ኦቨርራይድ" ተጠቀሙበት። ያኔ ጉንጩን አንድ ቦታ ስታስተካክሉ በሁሉም ትዕይንት ይስተካከላል።

አሁን የቀረችው ፍየሏ ናት። እሷ ደግሞ አራት እግር አላት። ከብሌንደር ጋር የሚመጣው ሪጊፋይ የፈረስና የተኩላ አጽም አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ የፍየል የለውም፤ የፈረሱን ወስዳችሁ አንገቱን አሳጥሩት።